የምንወደው ሰው በሕይወት ተስፋ ሲቆርጥ
በሊትል ኢትዮጵያ ለማኅበረሰቡ የተደረገ ንግግር

በሀገር ቤት ነርስነት ተምሬያለሁ፤ እዚህ የሕክምና አስተርጓሚ ነኝ። ዛሬ ደፍረን ስለማናወራው ነገር፣ ራስን ስለማጥፋት፣ በግልጽ እንነጋገር።

ምልክቶቹን ይወቁ
በእኛ ቋንቋ «ሞት ይሻለኛል» ማለት የተለመደ ስለሆነ ሰምተን እናልፈዋለን። ከሚከተሉት ለውጦች ጋር ከመጣ ግን አይለፉት፦
• «ሸክም ሆንኩባችሁ»፣ «ልጆቼን አደራ» ማለት
• ከሰው መሸሽ፤ ከቤተ ክርስቲያን፣ ከመስጊድ፣ ከቡና መቅረት
• እንቅልፍ ማጣት፣ መጠጥ ማብዛት
• የሚወዱትን ዕቃ ለሰው መስጠት፣ መሰናበት
• ከብዙ ጭንቀት በኋላ በድንገት መረጋጋት

በቀጥታ ይጠይቁ
«ሕይወትህን ለማጥፋት እያሰብክ ነው?» ብለው ይጠይቁ። መጠየቅ ሐሳቡን አያመጣበትም፤ እንዲያውም የሚሰማው ሰው እንዳለ ያሳየዋል። «አዎ» ካለ አይቆጡ፤ «ኃጢአት ነው»፣ «ሰው ምን ይላል» አይበሉ። ያዳምጡት። «ለማንም አልናገርም» ብለው ቃል አይግቡ። ብቻውን አይተዉት። ጠመንጃና መድኃኒት ከአጠገቡ ያርቁ።

ጸሎትና ጸበል ከሕክምና ጋር አብረው መሄድ ይችላሉ። የንስሐ አባቱ ወይም ኢማሙ ሐኪም ዘንድ እንዲሄድ ቢመክሩት ብዙ ይረዳል። የታዘዘለትን መድኃኒት ግን ሐኪሙን ሳያማክር አያቋርጥ።

ይደውሉ
• 988፦ ከሐምሌ 2022 (እ.ኤ.አ.) ጀምሮ በመላው አሜሪካ ቀንና ሌሊት ይሠራል። ሰው ሲያነሳ «አምሃሪክ ኢንተርፕሪተር፣ ፕሊስ» ይበሉና ስልኩን ሳይዘጉ ይጠብቁ። እርስዎም ስለ ቤተሰብዎ ተጨንቀው መደወል ይችላሉ።
• 800-854-7771፦ የሎስ አንጀለስ ካውንቲ የአእምሮ ጤና መምሪያ የ24 ሰዓት መስመር።
• 911፦ አደጋው አሁኑኑ ከሆነ።

ሐኪም ቤት ሲሄዱ
ልጅዎን አስተርጓሚ አያድርጉ። አባት መሞት እንደሚፈልግ በልጁ አፍ አይናገርም፤ ልጁም ይህን መሸከም የለበትም። አስተርጓሚ ይጠይቁ፤ አይከፍሉም። «ሐበሻ ከሆነ ገመናዬን ያወጣብኛል» ብለው የሚፈሩ አሉ። እኛ የሚሉትን ሁሉ ለሐኪሙ እናስተላልፋለን፤ ከዚያ ክፍል ውጭ ግን ምስጢር የመጠበቅ ግዴታ አለብን። ነገ ፌርፋክስ ላይ ብንገናኝ ከሰላምታ በቀር ሌላ አናነሳም። የማያውቁትን ሰው ከመረጡ ደግሞ በስልክ የሚያስተረጉም ይጠይቁ።

ቁጥሮቹን ዛሬውኑ ስልክዎ ላይ ይመዝግቡ።