ከገበታ የተገኘ ሰዋስው



በጓቲማላ፣ በአንቲጓ ከተማ፣ ስፓንኛ ስማር ያረፍሁት በአንዲት ባልቴት ቤት ነበር። ጧት፣ እንደ ከተማይቱ ልማድ፣ ለእኔ ብቻ የተመደበ መምህር ግሥ ያስረባኛል፤ ማታ የቤቱ ገበታ ያስተምረኛል።

የመማሪያ መጽሐፌ «ቱ» እና «ኡስቴድ» እንጂ «ቮስ» የሚለውን አያውቅም ነበር። የልጅ ልጆቻቸው እርስ በርሳቸው «ቮስ» ሲባባሉ ሰምቼ፣ አንድ ማታ እመቤቲቱን በዚያው ቃል አነጋገርኋቸው። ገበታው ጸጥ አለ። ለካ «አንቺ» ማለቴ ኖሯል! በሀገሬ ታላቄን አንቱ ከማለት ያልተለየሁ ሰው፣ በሰው ሀገር ደፋር ሆኜ ተገኘሁ። ይቅርታ ስጠይቅ ግን ሳቅ ብለው ትኩስ ቶርቲያ ጨመሩልኝ።

እንግዲህ እኛም ለውጭ ሀገር ሰው አማርኛ ስናስተምር፣ አንተና አንቱ ለማን እንደሚገባ ከመጀመሪያው ቀን እንንገረው።