መብራት ሲሄድ ሃርድ ዲስኩ ምን ይሆናል?

ጅማ፣ አጋሮም ሆነ ሊሙ ገነት መብራት ድርግም ሲል ቤት ያለው ኮምፒውተር ምን ይገጥመዋል? ሃርድ ዲስክ ውስጥ በደቂቃ 5,400 ወይም 7,200 ጊዜ የሚሽከረከር ሳህን አለ፤ መረጃ የሚያነበው ጫፍ ከፀጉር በሚቀጥን ክፍተት ከላዩ ይንሳፈፋል። መብራት ሲቋረጥ ጫፉ ብዙውን ጊዜ በራሱ ወደ ማረፊያው ይመለሳል። እየተጻፈ የነበረው ፋይል ግን ሊበላሽ ይችላል። መብራት ሲጠፋ ለጥቂት ጊዜ ኃይል የሚሰጥ ዩፒኤስ ካላችሁ ጥሩ፤ ከሌላችሁ መብራቱ ሲመለስ ስህተት የሚፈልገውን የዊንዶውስ ቼክ ዲስክ አሠሩት። ላፕቶፕ ከሆነ ደግሞ፣ መንቀጥቀጥ የሚሽከረከረውን ዲስክ ሊጎዳው ስለሚችል፣ የአጋሮን ሚኒባስ ከመሳፈራችሁ በፊት ሙሉ በሙሉ አጥፉት። የተበታተኑ የፋይል ክፍሎችን የሚያሰባስበው ዲፍራግመንት የሚጠቅመው ለሚሽከረከረው ዲስክ ብቻ ነው፤ የሚሽከረከር ሳህን የሌለውን ኤስኤስዲ ግን ዊንዶውስ ራሱ እንዲንከባከበው ተዉለት። ከሃርድ ዲስኩ ቀጭ ቀጭ የሚል ድምፅ ከሰማችሁ ደግሞ የቼክ ዲስኩን ምርመራ ትታችሁ የቡና ሒሳባችሁንና ፎቶዎቻችሁን ቶሎ ወደ ሌላ ዲስክ ገልብጡ።