ስለ ጠቅላላ ተቋራጭ የመድን ሽፋን
(በማኅበሩ ዓመታዊ ጉባኤ ላይ የተደረገ ንግግር)




ስለ መድን እንድናገር በተጋበዝኩ ጊዜ በመጀመሪያ ያሰብኩት የአድማጮቼን ትዕግሥት ነው። በእኛ ሙያ ስለ አርማታ ጥንካሬ፣ ስለ ፌሮ ዋጋ ወይም ስለ ክፍያ መዘግየት ሲወራ ሁሉም ጆሮውን ይሰጣል። ስለ መድን ውል ሲነሣ ግን ነገሩ የሒሳብ ሹሙ ነው ተብሎ ይታለፋል። ይኸው ልማድ ስንት የተደከመበትን ድርጅት በአንድ ሌሊት ለዕዳ ሊዳርግ እንደሚችል ለማስረዳት እሞክራለሁ።

በአብዛኞቻችን ዘንድ የመድን ፖሊሲ የቅድሚያ ክፍያ ለመቀበል ከሚቀርቡት ወረቀቶች አንዱ ነው። ውሉ ይፈረማል፤ የመልካም ሥራ አፈጻጸም ዋስትናው ይያያዛል፤ ፖሊሲው ይጨመርበታል፤ ገንዘቡም ይለቀቃል። ከዚያ በኋላ ፖሊሲው በመዝገብ ቤት ይተኛል። የሚቀሰቅሰው የአደጋ ዜና ነው። በዚያን ዕለት ሥራ አስኪያጁም፣ መሐንዲሱም፣ ጠበቃውም ተሰብስበው ያነቡታል፤ ነገር ግን ያን ጊዜ ማንበብ የተጻፈውን ከማወቅ በቀር የሚያተርፈው ነገር የለም።

ተቋራጮች የሚገዙት ዋናው የመድን ዓይነት «የተቋራጮች ሙሉ አደጋ መድን» የሚባለው፣ በሙያው አነጋገር «ካር» የምንለው ነው። እ.ኤ.አ. በ1929 በለንደን ከተማ በቴምዝ ወንዝ ላይ ለተሠራው የላምቤዝ ድልድይ የተገባው ውል የዚህ ዓይነት መድን የመጀመሪያው እንደሆነ ይነገራል። ዛሬ የምናውቃቸው ፖሊሲዎች ደግሞ በአመዛኙ የጀርመኑ የጠለፋ መድን ኩባንያ ሙኒክ ሪ ያዘጋጀውን አርአያ የሚከተሉ ናቸው። ውሉ ሁለት ክፍል አለው። የመጀመሪያው ክፍል በግንባታ ላይ ያለውን ሥራ፣ ጊዜያዊ ሥራዎችንና በሳይቱ ላይ ያለውን ዕቃ፣ ከተፈለገም መሣሪያዎችን ይሸፍናል። ሁለተኛው ክፍል በሦስተኛ ወገን ላይ ለሚደርስ ጉዳት ነው። ስሙ «ሙሉ አደጋ» ይበል እንጂ ትርጉሙ «በግልጽ ካልተገለለ በቀር የሚሸፈን» ማለት ነው። ስለሆነም የፖሊሲው ቁም ነገር ያለው ፊት ገጹ ላይ ሳይሆን በማይሸፈኑት ነገሮች ዝርዝር ውስጥ ነው።

ከሁሉ አስቀድሜ ስለ መድኑ የገንዘብ መጠን መናገር እፈልጋለሁ፤ ምክንያቱም በእኔ ግምት በዛሬው ጊዜ ትልቁ ክፍተት ይህ ነው። በ1952 ዓ.ም. የወጣው የንግድ ሕጋችን በቁጥር 679፣ የንብረቱ ዋጋ መድን ከተገባበት ገንዘብ በልጦ ከተገኘ ለልዩነቱ ባለንብረቱ ራሱ የራሱ መድን ሰጪ እንደሆነ እንዲቆጠር ይደነግጋል። በ2013 ዓ.ም. አዲስ የንግድ ሕግ በወጣ ጊዜም የመድኑ ክፍል ሳይሻር ቀርቷል። ፖሊሲውም በበኩሉ መድን የሚገባበት ገንዘብ ሥራው ሲጠናቀቅ ከሚኖረው ሙሉ ዋጋ እንዳያንስ፣ በዚህም ውስጥ የዕቃው፣ የጉልበቱ፣ የማጓጓዣውና የቀረጡ ወጪ፣ እንዲሁም አሠሪው ራሱ የሚያቀርበው ዕቃ እንዲጠቃለል ይጠይቃል።

በምሳሌ ላስረዳ። አንድ ተቋራጭ በ200 ሚሊዮን ብር አንድ ሕንፃ ለመሥራት ተዋውሎ በዚሁ ልክ መድን ገባ እንበል። ከሁለት ዓመት በኋላ ያው ሕንፃ ተሠርቶ ለማለቅ 320 ሚሊዮን ብር የሚፈጅ ሆነ። የካሳፎርማው ጣውላ የተከማቸበት መጋዘን ተቃጥሎ፣ እሳቱም ወደ ሕንፃው ተዛምቶ የ24 ሚሊዮን ብር ጉዳት ደረሰ። ተቋራጩ ጉዳቱ ከ200 ሚሊዮን በታች ስለሆነ በሙሉ ይከፈለኛል ብሎ ያስባል። ስሌቱ ግን ሌላ ነው። 200 ለ320 ሲካፈል 62.5 በመቶ ነው፤ ስለዚህ ካሳው 15 ሚሊዮን ይሆናል። ከዚህም ላይ «ኤክሰስ» የሚባለው ተቀናሽ አለ፤ 10 በመቶ ቢሆን 13.5 ሚሊዮን ብር እጁ ይገባል። የቀረውን 10.5 ሚሊዮን ከራሱ ኪስ ያወጣል። አረቦኑን በወቅቱ የከፈለ፣ ምንም ያላጠፋ ሰው ነው እንግዲህ።

በሐምሌ ወር 2016 ዓ.ም. የውጭ ምንዛሪ ተመን በገበያ እንዲወሰን በተደረገ ጊዜ 57 ብር ገደማ የነበረው የአሜሪካ ዶላር በጥቂት ሳምንታት ውስጥ ከ100 ብር በላይ እንደሆነ ሁላችሁም ታስታውሳላችሁ። በዚያን ጊዜ በእጃችን የነበሩት ውሎች ሁሉ የዋጋ ማስተካከያ ጥያቄ አስነሥተዋል። ታዲያ ለአማካሪው መሐንዲስ የጻፍነውን ደብዳቤ ግልባጩን ለመድን ሰጪው የላክን ስንቶች ነን? ፖሊሲው የዋጋና የደመወዝ ለውጥ ሲኖር የመድኑ ገንዘብ እንዲስተካከል ተቋራጩን ያስገድዳል፤ ማስተካከያውም የሚጸናው በፖሊሲው ላይ ሲመዘገብ ብቻ ነው። ተጨማሪ ሥራ ሲታዘዝም እንዲሁ ነው። አንድ ፎቅ ተጨምሮ ለመድን ድርጅቱ ካልተነገረው ያ ፎቅ ለመድኑ ያልተወለደ ልጅ ነው።

ሁለተኛው ክፍተት የጊዜ ነው። ፖሊሲው የሚያበቃበት ቀን አለው። አማካሪው መሐንዲስ የጊዜ ማራዘሚያ ሲፈቅድ እኛ የምንደሰተው ከጉዳት ካሳ ቅጣት ስለዳንን ነው፤ የፖሊሲው ቀን ግን ከማራዘሚያው ጋር አብሮ አይራዘምም። ከዚህ የባሰው ሥራው የቆመ እንደሆነ ነው። በአርአያ ፖሊሲው አጠቃላይ ክልከላዎች ውስጥ ከጦርነትና ከኒውክሌር አደጋ ጋር ተራ ይዞ የተጻፈ አንድ አጭር ሐረግ አለ፤ ይኸውም ሥራው በሙሉም ሆነ በከፊል በመቆሙ ምክንያት የሚደርስ ጉዳት አይሸፈንም የሚል ነው። በሌላ አገር ሥራ መቆም ምናልባት ብርቅ ይሆናል። እኛ ዘንድ ሲሚንቶ ሲጠፋ ይቆማል፤ የክፍያ ሰርተፊኬት ሳይከፈል ወራት ሲያልፍ ይቆማል፤ የወሰን ክርክር ሲነሣ ይቆማል። መሠረቱ ተቆፍሮ ክፍት እንዳለ ሰኔ ይገባል፤ ጎርፉ ጉድጓዱን ሞልቶ ግድግዳውን ይንዳል። የመድን ድርጅቱ መርማሪ መጥቶ በመጀመሪያ የሚጠይቀው የሳይቱን የቀን መዝገብ ነው። በመዝገቡ ላይ ለሦስት ወር የተጻፈ ነገር ከሌለ መልሱ ከወዲሁ ታውቋል።

ስለዚህ ሥራ ከመቆሙ በፊት፣ ወይም በቆመበት ሳምንት፣ ለመድን ሰጪው በጽሑፍ አስታውቆ ሽፋኑ እንዲቀጥል የጽሑፍ ስምምነት መቀበል ያስፈልጋል። ተጨማሪ አረቦን ይጠየቅ ይሆናል። ዘበኛ፣ የውኃ መምጠጫ ፓምፕ፣ የጉድጓድ ድጋፍ እንዲኖር ይጠየቅ ይሆናል። ሁሉም ተገቢ ጥያቄ ነው፤ እኔ በበኩሌ ይህን የሚጠይቅ መድን ሰጪ ዝም ብሎ ከሚቀበል ይልቅ እመርጣለሁ።

በዚሁ ላይ አንድ የአዲስ አበባ ልማድ ላንሣ። ሕንፃው ሳያልቅ ምድር ቤቱ ለሱቅ ይከራያል። ባለቤቱ ኪራይ ያገኛል፤ ተቋራጩም ባለቤቱን ላለማስቀየም ዝም ይላል። ነገር ግን ርክክብ የተደረገበት ወይም አገልግሎት ላይ የዋለ የሕንፃ ክፍል በዚያው ቅጽበት ከሽፋኑ ይወጣል። ከሱቁ የተነሣ እሳት ላይኛውን ፎቅ ቢበላ ክርክሩ እንዴት እንደሚሆን መገመት አያዳግትም።

ስለ ሥራ ጉድለት በአጭሩ ልናገር። ብዙ ጊዜ «መድኑ የእኛን ጥፋት ይሸፍናል ወይስ አይሸፍንም?» የሚል ጥያቄ ይቀርባል። መልሱ ከፊል ነው። በደካማ አርማታ የተሠራ ምሰሶ ቢሰበርና የተሸከመውን ወለል ይዞ ቢወድቅ፣ የወለሉ ጉዳት ይሸፈናል፤ የምሰሶው የራሱ ማስተካከያ ግን አይሸፈንም። ጉድለቱ የዲዛይን ከሆነ በተለመደው ውል ጭራሹን አይሸፈንም፤ ስለዚህ ዲዛይንና ግንባታ አንድ ላይ የምትዋዋሉ ባልደረቦች ልዩ ጥንቃቄ ማድረግ ይኖርባችኋል።

ከጎረቤት ጋር ያለው ነገር ደግሞ በከተማ ሥራ ላይ ራስ ምታት ነው። ጥልቅ ምድር ቤት የምንቆፍረው ብዙ ጊዜ በጭቃ ቤቶች አጠገብ ነው። የፖሊሲው ሁለተኛ ክፍል ሦስተኛ ወገንን ይሸፍናል ብለን ተማምነን እንቆፍራለን። ይሁን እንጂ በንዝረት ወይም አፈር ተቆፍሮ ድጋፍ በመነሣቱ የሚደርሰው ጉዳት በልዩ ተጨማሪ አንቀጽ ካልተገዛ በቀር ከሽፋኑ ውጭ ነው። አንቀጹ ተገዝቶም ቢሆን ሥራው ከመጀመሩ በፊት የጎረቤቱ ቤት ሁኔታ በተቋራጩ ወጪ ተጠንቶ በሪፖርት እንዲያዝ ይፈለጋል፤ የቤቱን ጽናት የማይነካ ተራ ስንጥቅም አይከፈልበትም። አንድ ቀን ካሜራ ይዞ፣ ከባለቤቱና ከቀበሌ ሰው ጋር ሆኖ የየቤቱን ግድግዳ ፎቶግራፍ ማንሣት የሚያስከፍለው ገንዘብ ከአንድ ኩንታል ሲሚንቶ አይበልጥም። ነገሩ የተቋራጩን ገንዘብ ብቻ የሚመለከት አይደለም። ግድግዳቸው የተሰነጠቀባቸው አዛውንት መድን ድርጅት የሚባል ነገር አያውቁም፤ የሚያውቁት በራቸው ላይ የቆመውን ፎርማን ነው።

ወደ ሠራተኞቻችን ልምጣ። የሦስተኛ ወገን ሽፋን የተቋራጩን የራሱን ሠራተኛ አይጨምርም። ለዚህ የተለየ የሠራተኞች ጉዳት ካሳ መድን ያስፈልጋል። በአሠሪና ሠራተኛ ጉዳይ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 መሠረት አሠሪ በሥራ ላይ ለሚደርስ ጉዳት ጥፋት ባይኖርበትም ኃላፊ ነው። ሙሉ በሙሉና ለዘለቄታው መሥራት ለማይችል ሠራተኛ የሚከፈለው ካሳም በአዋጁ የዓመት ደመወዙ አምስት እጥፍ ሆኖ ተወስኗል። አረቦኑ የሚሰላው እኛ ባስታወቅነው የደመወዝ ድምር ላይ ነው። እዚህ ላይ የምናደርገውን ሁላችንም እናውቀዋለን። ቋሚ ሠራተኞች ይመዘገባሉ፤ ጠዋት ከበር ላይ ተመርጠው የሚገቡት ቀን ሠራተኞች፣ በንዑስ ተቋራጩ ሥር ያሉት ግንበኞችና ፌራዮዎች ከዝርዝሩ ውጭ ይሆናሉ። ከባሕር ዛፍ መወጣጫ ላይ ወጥቶ አርማታ የሚሸከመው ግን ይኸው ያልተመዘገበው ነው። በወደቀ ጊዜ መድን ሰጪው «ይህ ሰው በዝርዝራችሁ የለም» ይላል፤ ንዑስ ተቋራጩ ስልኩን ያጠፋል፤ ቤተሰቡም በጠቅላላ ተቋራጩ ደጃፍ ይቀመጣል። የተቆጠበው አረቦን ደግሞ እጅግ ጥቂት ነው። የንዑስ ተቋራጮች ስም በፖሊሲው እንዲገባ፣ ያም ባይሆን የራሳቸውን ፖሊሲ ሳያሳዩ ሳይቱን እንዳይረግጡ ማድረግ የጠቅላላ ተቋራጩ ፈንታ ነው።

ስለ ዋስትና ሰነዶችም አንድ ነገር ልበል። የመልካም ሥራ አፈጻጸምና የቅድሚያ ክፍያ ዋስትና ከመድን ድርጅት ስለሚገዛ ብቻ መድን ነው ብለው የሚያስቡ አባላት አጋጥመውኛል። መድን አይደለም። ዋስትናው የሚጠብቀው አሠሪውን ነው። ድርጅቱ ለአሠሪው በከፈለ ማግስት ፊቱን ወደ ተቋራጩ አዙሮ የተያዘውን ቤት ወይም ዶዘር ይጠይቃል። አረቦን እየተባለ የሚከፈለው ገንዘብ በዚህ ረገድ የአገልግሎት ዋጋ ብቻ ነው።

በመጨረሻ የምጠቅሰው ከርክክብ በኋላ ያለውን ነው። የፍትሐ ብሔር ሕጋችን በቁጥር 3039 ተቋራጩ ሥራውን ካስረከበበት ጊዜ ጀምሮ ለ10 ዓመት ስለ ሥራው ደኅንነትና ጽናት ዋስ እንዲሆን ያስገድደዋል። የአፈሩ ጠባይ ያመጣው ጉዳት እንኳ በእርሱ ላይ ነው። የምንገዛው «ካር» ግን በርክክብ ያበቃል፤ ቢራዘም እስከ ጉድለት ማስተካከያው ጊዜ ማብቂያ ድረስ ነው። የሕጉን ረቂቅ ያዘጋጁት ፈረንሳዊው ሊቅ ሬኔ ዳቪድ እንደነበሩ ይታወቃል፤ የ10 ዓመቱ ኃላፊነትም ከፈረንሳይ ሕግ የመጣ ነው። ፈረንሳዮች ግን እ.ኤ.አ. በ1978 ባወጡት ሕግ ለዚሁ ለ10 ዓመት ኃላፊነት መድን መግባትን ግዴታ አደረጉ። እኛ ኃላፊነቱን ተቀብለን መድኑን ሳንቀበል ቀርተናል። ማኅበራችን ከመድን ድርጅቶች ጋር ቢነጋገር በጋራ ሊገዛ የሚችል የ10 ዓመት ሽፋን ማዘጋጀት የሚቻል ይመስለኛል። አንድ ተቋራጭ ብቻውን ሲጠይቅ የሚከብደው ዋጋ ብዙ ሆነው ሲጠይቁ ይቀንሳልና።

በዚህ በመጨረሻው ነጥብ ላይ የአባላትን አስተያየት ለመስማት እፈልጋለሁ፤ ጥያቄዎችንም ለመቀበል ዝግጁ ነኝ።