እንግዳ ሲሞት የማን ነው?

(በእድራችን ጠቅላላ ጉባኤ ላይ የተደረገ ንግግር)



ስለ ቀብር ለእድርተኛ መናገር ለቀባሪው ማርዳት እንደሚሆን እናውቃለን። ሆኖም ባለፈው ክረምት በሰፈራችን የደረሰው ነገር ሁላችንንም ስላነጋገረና እስከ ዛሬም መቋጫ ስላላገኘ፣ በጉባኤው ፊት ልናነሳው ወደድን።

አገር ቤት ያደግን ሁሉ እንደምናውቀው፣ «መሽቶብኛል፣ የእግዜር እንግዳ ነኝ» ብሎ ደጅ የቆመን ሰው ማስገባት፣ እግሩን ማጠብና ካለው ማቋደስ ወግ ነው። ያ እንግዳ ታሞ ቢሞትስ? ጎረምሳው ጉድጓድ ይቆፍራል፣ ሴቶቹ ያለቅሳሉ፣ አንዱ መገነዣ ይሰጣል። ማተብ ካለው ቄስ ይፈታዋል፤ ሙስሊም ከሆነ ሙስሊሙ ጎረቤት አጥቦና ከፍኖ፣ ሰግዶበት ይቀብረዋል። «መዋጮ ከፍሏል ወይ?» የሚል የለም፤ መዝገቡስ የት አለና!

ከተማ ሲገባ ግን ነገሩ ሌላ ሆነ። በ1911 ዓ.ም. የኅዳር በሽታ አዲስ አበባ በገባ ጊዜ ቀባሪውም ታማሚ ስለነበረ ብዙ ሬሳ አንሺ አጥቶ ነበር። እድርም በከተማው በብዛት የተስፋፋው ከጣሊያን ወረራ ዘመን፣ ማለትም ከ1928 እስከ 1933 ዓ.ም. ከነበረው ጊዜ ወዲህ ነው። ከየአገሩ መጥቶ ዘመድ በሌለበት የሚኖረው ሰው «እኔ ስሞት ማን ያነሳኛል?» ብሎ ስለሰጋ ተሰባሰበ። እንግዲህ ልብ በሉ፤ እድር የእንግዶች ማኅበር ነበር።

ወደ ጉዳያችን እንመለስ። ከአንድ አባላችን ግቢ ክፍል ተከራይቶ የሚኖር የቀን ሠራተኛ ወጣት ነበር። ከመጣ አምስት ወር አይሞላውም። ጠዋት ወጥቶ ማታ ስለሚገባ፣ ሰላምታውን እንጂ ስሙን የምናውቅ ጥቂቶች ነን። ሐምሌ ላይ ታመመና በሦስተኛው ቀን አረፈ። ገንዘብ ያዣችን «መዝገቡ ላይ የለም፣ ደንቡ አይፈቅድልኝም» አሉ። እውነታቸውን እኮ ነው! የእድሩ ገንዘብ የባልቴትና የሙት ልጅ አደራ ነው። ሌሎቻችን ደግሞ «ታዲያ ሬሳው እንዲሁ ይደር?» አልን። ጭቅጭቁ ሲበረታ አንዲት እናት ነጠላቸውን አዘቅዝቀው ከክፍሉ ደጃፍ ተቀመጡና ማልቀስ ጀመሩ። ከዚያ በኋላ ማን ይከራከራል? በእጅ ተዋጣ፣ ድንኳን ተተከለ፣ ንፍሮ ተቀቀለ፣ ልጁም በወጉ ተቀበረ።

ከሦስት ሳምንት በኋላ ወንድሙ መርዶ ሰምቶ መጣ። ስንት ብር እንደወጣ አልጠየቀንም። «ያለቀሰለት ሰው ነበር?» ነው ያለን። እኒያን እናት አሳየነው። እግራቸው ላይ ወድቆ «ይህን ስነግራት እናቴ ትጽናናለች» አለ።

በማቴዎስ ወንጌል ምዕራፍ 27፣ ይሁዳ በመለሰው ሠላሳ ብር የሸክላ ሠሪ መሬት ለእንግዶች መቃብር እንደተገዛ ተጽፏል። የገዙት ሰዎች ጌታን ለሞት የሰጡት ናቸው፤ እነሱ እንኳ ለእንግዳ መቃብር አሰቡ። በእስልምናም ሙትን መቅበር የሁሉም ግዴታ ነው፤ ጥቂቶች ከፈጸሙት ከሌላው ይወርዳል፣ ማንም ካልፈጸመው ግን ሁሉም ይጠየቃል።

ስለሆነም ሁልጊዜ አንዲት እናት እስኪያለቅሱ አንጠብቅ። ሦስት ነገር እናቀርባለን። አንደኛ፣ ቤት አከራይ የሆነ አባል ሁሉ የተከራዩን ስም፣ አገሩንና የቅርብ ዘመዱን ስልክ ለጸሐፊው ያስመዝግብ። ሁለተኛ፣ ድንኳኑ፣ አግዳሚው ወንበርና ድስቱ ለሞተ እንግዳ ያለ ክፍያ ይውጣ፤ ቢውል ቢያድር አያልቅም። ሦስተኛ፣ የእድሩን ገንዘብ ሳንነካ፣ የወደደ በየወሩ ስብሰባ የሚጥልበት አንድ የእንግዳ ሣጥን ይኑረን።

ልጆቻችንም ዛሬ ሥራ ፍለጋ ሰው አገር ናቸው፤ እነሱም በአንዱ ሰፈር ስማቸው የማይታወቅ ተከራይ ናቸው። እንግዲህ ተመካከሩበትና እጅ አውጡ።

ቀባሪ አያሳጣን። አሜን።