ቀኑ ሳይደርስ ለተወለደ ሕፃን የሠፈር ድርሻ

(በማኅበራችን ጠቅላላ ስብሰባ ላይ በእናቶችና ሕፃናት ኮሚቴ የተደረገ ንግግር)



እርግዝናው 37 ሳምንት ሳይሞላ የሚወለድ ልጅ ቀኑ ሳይደርስ ተወለደ ይባላል። አንዳንዶቻችን ግን «ጭንጋፍ» እንላለን። ይህ ቃል በሕይወት ላለ ልጅ አይገባም፤ ልጇ ሳይሞት እናቲቱን ለቅሶ ያስቀምጣታል። «ከባድ አንሥታ ነው» ማለትም ይቅር። መንታ እርግዝና፣ የደም ግፊትና ኢንፌክሽን ያመጡታል፤ ብዙ ጊዜ ደግሞ ሐኪምም ምክንያቱን አያገኘውም።

እንዲህ ያለው ሕፃን የሚቸገረው በሦስት ነገር ነው። ከቆዳው ሥር በቂ ስብ ስለሌለው ቶሎ ይበርደዋል። ሳንባው ስላልጠነከረ መተንፈስ ይከብደዋል። መጥባትን፣ መዋጥንና መተንፈስን አንድ ላይ ማስኬድ የሚችለው ደግሞ አብዛኛውን ጊዜ በ34ኛው ሳምንት ገደማ ነው። ከዚያ በፊት ወተቱ በቀጭን ቱቦ ይሰጠዋል። ስለዚህ ልጁ ቱቦና ኦክስጅን ተደርጎለት ብናይ «አለቀለት» አንበል፤ እየታገዘ ነው።

መድኃኒቱ ግማሹ ከእናቲቱ ዘንድ ነው። እንገሩ ሳይደፋ፣ ወተቷን ቀንም ሌሊትም በየሁለት ሦስት ሰዓቱ እያለበች ለልጁ ታደርሳለች። ሁለተኛው ገላዋ ነው። እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ1978 በኮሎምቢያ፣ ቦጎታ ከተማ፣ የማሞቂያ ሣጥን ባልበቃ ጊዜ ዶክተር ኤድጋር ሬይ ሳናብሪያ ሕፃናቱ በእናቶቻቸው ደረት ላይ እንዲታቀፉ አደረጉ። ካንጋሮ የተባለው ዘዴ ይህ ነው። ሕፃኑ ዳይፐር፣ ኮፍያና ካልሲ ብቻ አድርጎ፣ ገላው ከገላዋ ተጣብቆ፣ በጡቶቿ መካከል ቀጥ ብሎ ይታሰራል። ፊቱ ወደ ጎን ዞሮ አፍንጫው ክፍት መሆን አለበት።

ይህ የድኻ ማጽናኛ እንዳይመስላችሁ። በጥቁር አንበሳ ሆስፒታል ተጠንቶ በ2005 እ.ኤ.አ. በታተመው ጥናት፣ እንዲህ የታቀፉት ትንንሽ ሕፃናት ከሌሎቹ ይበልጥ በሕይወት ተርፈዋል። በጋና፣ በናይጄሪያ፣ በማላዊ፣ በታንዛኒያና በሕንድ ተደርጎ በ2021 እ.ኤ.አ. የታተመው ትልቅ ጥናት ደግሞ ወዲያው ከተወለዱ ጀምሮ መታቀፋቸው ሞትን በሩብ ያህል እንደቀነሰ አሳይቷል። የዓለም ጤና ድርጅትም በ2022 እ.ኤ.አ. በቀን ከ8 እስከ 24 ሰዓት ይታቀፉ ብሏል።

እዚህ ላይ ቆም ብለን እናስብ። ይቺ እናት ቀን ሙሉ ልጅ ታቅፋ ከዋለች፣ እንጀራውን ማን ይጋግር? ውኃውን ማን ይቅዳ? ትልልቆቹን ልጆች ትምህርት ቤት ማን ያድርስ? «እቀፊ» ማለት ቀላል ነው፤ እጇ የሚፈታላት ግን በእኛ ነው። አባትም ሸሚዙን ከፍቶ ይቀፍ፤ አያትም ትችላለች። ነውር የለበትም።

ልጁ ቤት ሲገባ ደግሞ ጥየቃችን እንዳይጎዳው እንጠንቀቅ። ገንፎው አይቀርም፤ ግን ልጁ ካለበት ክፍል ውጭ ይበላ። ጉንፋን የያዘው ሰው «እንኳን ማርያም ማረችሽ»ን ከደጅ ብሎ ይመለስ። እጁን በሳሙና ያልታጠበ አይንካው፤ ማንም አይሳመው። ቅቤ ማዋጥ፣ ስኳር በውኃ ማጠጣት አይገባም፤ እስከ 6 ወር ሐኪም ካዘዘው በቀር የእናት ወተት ብቻ ነው። ቤቱ እንዲሞቅ ተብሎ በተዘጋ ክፍል ከሰል አይቀጣጠል፤ ጭሱ እናትንም ልጅንም ይገድላል።

ዕድሜውንም ስናወዳድር እናስተውል። 2 ወር ቀድሞ የተወለደ ልጅ 6 ወር ሲሞላው የሚመዘነው ከ4 ወር ልጅ ጋር ነው። «የእኔ ልጅ በዚህ ጊዜ ይቀመጥ ነበር» እያልን እናቱን አናስጨንቃት። ይህ ቅናሽ እስከ 2 ዓመት ይሠራል። ክትባት ግን የሚቆጠረው ከተወለደበት ቀን ነው። የዓይን ምርመራም ሐኪም ካዘዘ አይታለፍ፤ ዓይኑ ከውጭ ደኅና መስሎ ከውስጥ ሊጎዳ ይችላል።

መጥባት ካቆመ፣ ትንፋሹ ከፈጠነ ወይም ደረቱ ወደ ውስጥ ከገባ፣ ገላው ከቀዘቀዘ ወይም ካተኮሰ፣ መዳፉና ውስጥ እግሩ ቢጫ ከሆነ፣ ካንቀጠቀጠው፣ ወይም ሲነኩት አልነቃ ካለ «ነገ እናየዋለን» የለም። በሌሊትም ቢሆን ደረታቸው ላይ እንደታቀፉት ወደ ሆስፒታል ነው። መኪና ያላችሁ አባላት በዚያች ሰዓት በር ሲንኳኳ ክፈቱ።

ዕድራችን ድንኳኑን፣ ወንበሩንና ድስቱን ለሐዘን ቀን አዘጋጅቶ ይጠብቃል። ይህ ክብራችን ነው። ነገር ግን ልጁ በሕይወት ሳለ ለምን ዘግይተን እንደርሳለን? ስለዚህ ኮሚቴያችን ሦስት ነገር ያቀርባል።

1ኛ/ እንዲህ ያለ ሕፃን በተወለደበት ቤት፣ ጎረቤቶች በተራ ምግብና ውኃ እንዲያደርሱ፤
2ኛ/ እናቲቱ ሆስፒታል ስትሰነብት የትራንስፖርት መደጎሚያ ከማኅበሩ ገንዘብ እንዲወጣ፤
3ኛ/ ለሌሊት ጥሪ ተረኛ ባለመኪና ተመዝግቦ ስሙ በዚሁ ሰሌዳ ላይ እንዲለጠፍ።

ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፣ ለሃምሳ ሰው ጌጡ ነው። አንድ ኪሎ ተኩል የሚመዝን ልጅም ለአንዲት እናት ብቻዋን ይከብዳታል፤ ለሠፈር ግን አይከብድም። ሐሳቡን ተወያዩበትና ወስኑ።