ቤቱን ሳይሆን ሰውን እናሙቅ

በደብረ ብርሃን ከተማ በሠፈራችን መረዳጃና ልማት ማኅበር የኅዳር ወር ጠቅላላ ስብሰባ ላይ የቀረበ ንግግር። በስብሰባው ላልተገኙ ነዋሪዎች እንዲደርስ በማስታወቂያ ሰሌዳ ላይ ወጥቷል።



ዛሬ የምንነጋገርበት ጉዳይ የማይመለከተው ቤት የለም። ይኸውም በእነዚህ የቁር ወራት ለማገዶ፣ ለከሰልና ለመብራት የምናወጣው ገንዘብ ከአቅማችን በላይ እየሆነ መምጣቱ ነው። ከገንዘቡም ይበልጥ የሚያሳስበው፣ ብርድን ለመሸሽ ብለን የምናደርገው ነገር ሕይወት እስከ ማጥፋት የሚደርስ መሆኑ ነው።

ከተማችን ከባሕር ወለል በላይ ወደ 2,800 ሜትር ከፍታ ላይ ትገኛለች። ዝናቡ ሲያቆም ሰማዩ ይጠራል፤ ቀን ፀሐይ ደምቃ ትውላለች፣ ሌሊት ግን ውርጩ አጥንት ድረስ ይገባል። ምክንያቱ ግልጽ ነው። ደመና ለምድር እንደ ጋቢ ነው። በክረምት ደመናው ከላይ ስለሚሸፍነን መሬት ቀን ያገኘችውን ሙቀት በቶሎ አትለቅም። በኅዳርና በታኅሣሥ ግን ጋቢው ይገፈፋል፤ ሙቀቱ ሌሊቱን ወደ ሰማይ ይወጣና ጠዋት ሣሩ አመዳይ ለብሶ ይገኛል። ከዜሮ በታች የሚወርድበትም ሌሊት አለ።

የቤቶቻችንም ነገር እንዲሁ ነው። የቀድሞ ሰዎች ግድግዳውን በድንጋይ ወይም በወፍራም ጭቃ፣ ጣራውን በሣር ሠርተው፣ ከብቱም ከቤት አድሮ፣ እንደ ምንም ይሞቃቸው ነበር። ዛሬ ከላያችን ያለው ቆርቆሮ ነው። ቆርቆሮ ዝናብን ይከለክላል እንጂ ሙቀትን አይዝም። ኮርኒስ በሌለው ቤት እሳት ስናነድ ሙቀቱ ሽቅብ ወጥቶ ቆርቆሮውን ያሞቃል፣ ከዚያም ወደ ሰማይ ይሄዳል። እሳቱ በጠፋ በጥቂት ጊዜ ውስጥ ቤቱ እንደ ነበረ ይሆናል። እንግዲህ ያቃጠልነው ገንዘባችንን ነው ማለት ነው።

እስቲ ስለ ገንዘቡ እንነጋገር። የከሰሉን ዋጋ እናንተው ከገበያ ታውቁታላችሁ፤ እኛ አንነግራችሁም። የላምባውም ነገር የነዳጅ ድጎማ ከሐምሌ 2014 ዓ.ም. ጀምሮ ደረጃ በደረጃ መነሳት ከጀመረ ወዲህ የታወቀ ነው። መብራቱም ቢሆን ከመስከረም 2017 ዓ.ም. ጀምሮ በየሦስት ወሩ እየጨመረ ለአራት ዓመት እንዲዘልቅ ሆኖ በወጣው ታሪፍ ይከፈላል። በዚህ ላይ የመብራት ዋጋ እርከን አለው። እስከ 50 ኪሎዋት ሰዓት የሚጠቀም ቤት ዝቅተኛውን ይከፍላል፤ ከዚያ 100፣ 200፣ 300 እያለ እርከኑ ከፍ ባለ ቁጥር የአንዱ ኪሎዋት ሰዓት ዋጋም አብሮ ይወጣል።

ለምሳሌ ያህል የ2,000 ዋት የኤሌክትሪክ ማሞቂያ የገዛ ሰው አለ እንበል። በየምሽቱ 4 ሰዓት ቢያበራው በአንድ ምሽት 8 ኪሎዋት ሰዓት፣ በ30 ቀን 240 ኪሎዋት ሰዓት ይሆናል። ምጣዱ፣ ምድጃው፣ አምፖሉ ሳይቆጠር ማለት ነው! ይህን የሚችል ስንት ቤት አለ? ብዙዎቻችን አንችልም። ስለማንችልም ምን እናደርጋለን? ፍሙን ከውጭ አቀጣጥለን ማንደጃውን ወደ መኝታ ቤት እናስገባለን። በሩን እንዘጋለን። እንተኛለን።

ወገኖቻችን፣ የዛሬው ንግግራችን ዋናው ነጥብ እዚህ ላይ ነው።

ከሰል ሲነድ ካርቦን ሞኖክሳይድ የሚባል መርዝ ያወጣል። ይህ መርዝ ቀለም የለውም፣ ሽታም የለውም። ወደ ሳንባ ሲገባ ኦክስጅን በደም ውስጥ የሚይዘውን ቦታ ይቀማል፤ ከደም ጋር የሚጣበቅበት ኃይል ከኦክስጅን ከ200 ጊዜ በላይ ይበልጣል። መጀመሪያ ራስ ያማል፣ ያዞራል፣ ያቅለሸልሻል፣ ጉልበት ይከዳል። የነቃ ሰው ይህን ሲያይ ወደ በር ሊሄድ ይችላል። የተኛ ሰው ግን ሳያውቀው ነው የሚያልቅበት። እንደ እኛ አገር ከፍ ባለና አየሩ በሳሳ ቦታ ደግሞ ጉዳቱ ይብሳል። ሕፃናት፣ ነፍሰ ጡሮችና የልብ ሕመም ያለባቸው ሰዎች ቀድመው ይጎዳሉ።

በሠፈራችን የምንሰማቸው አንዳንድ አባባሎች አሉ። «ጭሱ ወጥቶ ከቀላ በኋላ ምንም አይልም» ይባላል። ስሕተት ነው! መርዙ ጭስ አይደለም፤ የቀላውም ፍም ያወጣዋል፣ አመድ የለበሰውም ረመጥ ያወጣዋል። «አጠገቡ ውሃ በጣሳ ካስቀመጡ ውሃው ይስበዋል» የሚልም አለ። ውሃ ይህን መርዝ አይስብም። «ወተት ከጠጣ ይሽራል» የሚሉም አሉ። ወተት ከደም ውስጥ አያወጣውም፤ ራሱን ለሳተ ሰውም በአፉ ምንም አይሰጥም። መድኃኒቱ አየር ነው። በሩንና መስኮቱን መክፈት፣ ሰውየውን ወደ ውጭ ማውጣት፣ ጊዜ ሳያጠፉ ኦክስጅን ወዳለበት ሐኪም ቤት ማድረስ። ለማዳን የሚገባውም ሰው መጀመሪያ በሩን ወለል አድርጎ ይክፈት፤ አለዚያ ሁለት ሰው ይወድቃል።

ባለፈው ዓመት በዚሁ ሠፈር አንዲት ተከራይ ልጅ በር ሲንኳኳ አልሰማ ብላ፣ ጎረቤት በሩን ገፍቶ ገብቶ ነው የተረፈችው። ማንደጃው ከአልጋዋ ሥር ነበር። እግዚአብሔር ይመስገን ዛሬ ሥራዋ ላይ ናት። ታዲያ በኋላ ተቀምጠን ስንጠይቃት ምን አለችን? «መብራት እንዳልጠቀም ተከልክያለሁ» አለች።

ይህን ስንናገር አከራዮችን ለመውቀስ አይደለም። ከመካከላችን ብዙዎቻችን አከራዮች ነን፤ ችግሩንም እናውቀዋለን። አንድ ቆጣሪ ለሦስትና ለአራት ቤተሰብ ይሠራል። አንዱ 90፣ ሌላው 90፣ ሦስተኛው 80 ኪሎዋት ሰዓት ቢጠቀሙ፣ ለየብቻ ቢሆኑ እያንዳንዳቸው ከ100 በታች ነበሩ። በአንድ ቆጣሪ ግን 260 ይሆንና ሁሉም ከፍ ባለው እርከን ይቆጠራል። ሂሳቡ ሲመጣ አከራይ ይደነግጣል፣ ምድጃ አትሰኩ ይላል፣ ተከራይ ወደ ከሰል ይሄዳል፣ ክፍሉ ጠባብ ነው፣ ውጭው ብርድ ነው። ማንም ክፉ ሳያስብ እንዲህ ሆኖ ሰው ይሞታል። ስለዚህ የምንለምነው ይህን ነው። ክልከላውን ትተን በሂሳብ እንስማማ። የሚቻለው ለየክፍሉ ፍጆታውን የምታነብ ትንሽ ቆጣሪ ያስገጥም፤ የማይቻለው ለእራት ማብሰያ አንድ ሰዓት ይፍቀድና ድርሻውን ያስከፍል። ከሰል የሚያነድም ተከራይ ከክፍሉ ውጭ በጣራ ክፈፍ ሥር የሚያበስልበት ቦታ ይሰጠው። በአንድ ማከፋፈያ ላይ ምጣድና ምድጃ አብሮ መሰካት ግን ሽቦውን አግሎ ቤት ያቃጥላልና በተራ ይሁን።

አሁን ደግሞ «ከሰሉን ካስወጣነው በምን እንሙቅ?» ትሉናላችሁ። ጥያቄው ትክክል ነው። መልሳችን አንድ ነው፦ ቤቱን ሳይሆን ሰውን እናሙቅ። የቤቱ ሙቀት በቆርቆሮው ይሄዳል፤ የሰውነታችን ሙቀት ግን በነፃ የተገኘ ነውና ከያዝነው ይበቃናል።

አንደኛ፣ ከላይ ብቻ ሳይሆን ከሥርም እንልበስ። ብዙ ሰው ሁለትና ሦስት ብርድ ልብስ ይደርብና ከሥሩ በሳሳ ፍራሽ ላይ ይተኛል፤ ብርዱ ከታች ነው የሚገባው። የበግ አገር ሰዎች ሆነን አጎዛ ማጣት የለብንም። አጎዛ ከሥር፣ ባና ወይም ብርድ ልብስ ከላይ፣ ለራስ ቆብ፣ ለእግር ደረቅ ካልሲ። ቀን የተለበሰ እርጥብ ካልሲ ለብሶ መተኛት አይገባም።

ሁለተኛ፣ የሞቀ ውሃ በጠርሙስ። 2 ሊትር ውሃ ለማሞቅ ሩብ ኪሎዋት ሰዓት ያህል ቢፈጅ ነው። ቀደም ሲል ባሰላነው ማሞቂያ በአንድ ምሽት የሚጠፋው ኃይል ከ30 የማያንስ ጠርሙስ ያሞቃል! ጠንካራና በደንብ የሚከደን ዕቃ ይሁን፤ በተለምዶ ሃይላንድ የምንለው ስስ ፕላስቲክ የፈላ ውሃ አይችልም። በጨርቅ ተጠቅልሎ ከመተኛታችን በፊት እግር ሥር ይደረግ። ለሕፃናት ቆዳቸውን እንዳይነካ፣ ከመተኛታቸውም በፊት ይውጣ።

ሦስተኛ፣ ጣራውንና ቀዳዳውን እንድፈን። ኮርኒስ ለማሠራት አቅም የሌለው የማዳበሪያ ከረጢት ሰፍቶ ወይም አቡጀዴ ወጥሮ ከቆርቆሮው ሥር ቢያደርግ ልዩነቱን በመጀመሪያው ሌሊት ያየዋል። የተሰነጠቀ ግድግዳ በጭቃና በጭድ ይመረግ፤ ከበሩ ሥር ጨርቅ ይጠቅለል። ነገር ግን አደራ! ይህ እሳት ለማይነድበት መኝታ ቤት ነው። እሳት በሚነድበት ቤት አየር መግቢያም መውጫም ይኑር፤ ከእሳት በላይም ከረጢትና ጨርቅ አይወጠር።

አራተኛ፣ የምናበስልበትን ማገዶ እንቆጥብ። በዚህ ከፍታ ውሃ በ100 ዲግሪ አይፈላም፤ በ90 ግድም ነው የሚፈላው። ባቄላው፣ አተሩና ሥጋው አልበስል የሚለን ስለዚህ ነው። ጥራጥሬ ከዋዜማው ይዘፍዘፍ፣ ድስት ይከደን፣ ከፈላ በኋላም እሳቱ ይቀነስ፤ እሳት ስለ ጨመርን የፈላ ውሃ ከዚያ በላይ አይሞቅም። እርጥብ ባሕር ዛፍ ማንደድ ደግሞ ውሃ ማንደድ ነው፤ ተፈልጦ ወራት ከደረቀ ግን ሁሉም ሙቀቱ ለኛ ይሆናል። ላቀች የተባለው ሸክላ ያለው የከሰል ምድጃ ከቆርቆሮው ምድጃ ሩብ ያህል ከሰል ያተርፋል፤ ምርጥ የተባለው የእንጀራ ምድጃም በሦስት ጉልቻ ከመጋገር እስከ ግማሽ ማገዶ ይቆጥባል። ይሁንና ላቀችም ቢሆን ከሰል ነው፤ መኝታ ቤት አይገባም።

አምስተኛ፣ በተራ እንጋግር። የኤሌክትሪክ ምጣድ ከ3,000 እስከ 4,000 ዋት ይስባል፤ የመጀመሪያዋ እንጀራ እስክትወጣ ድረስ የሚጠፋው ለማሟሻ ነው። ሁለት ጎረቤቶች በአንድ ቀን በአንድ ምጣድ ቢጋግሩ ማሟሻው አንድ ጊዜ ብቻ ይሆናል።

ከዚህ በላይ ከተነገረው በመነሳት ኮሚቴው ለዚህ ጉባኤ አራት ሐሳብ ያቀርባል። አንድ፣ ማገዶ በረከሰበትና በደረቀበት በየካቲትና በመጋቢት በጋራ በጅምላ ገዝተን እንድንከፋፈል፤ በፌስታል የሚገዛ ሰው ምንጊዜም በጆንያ ከሚገዛው አብልጦ ይከፍላልና። ሁለት፣ በየቤቱ ተጣጥፎ የተቀመጠ ብርድ ልብስ፣ አጎዛና ጋቢ ተሰብስቦ ለሌላቸው እንዲደርስ። ሦስት፣ ብቻቸውን የሚኖሩ እማማዎችና አባባዎች ማታ ከመተኛታቸው በፊትና ጠዋት ፀሐይ ስትወጣ የሚጠይቃቸው ጎረቤት በስም እንዲመደብ። አራት፣ በየግቢው አከራይና ተከራይ ስለ መብራቱ ሂሳብ ሲነጋገሩ ከኮሚቴው አንድ ሰው ተገኝቶ እንዲያስማማ።

ወጣቶችንም አንድ ነገር እንጠይቃለን። በፋብሪካ የምትሠሩና በትምህርት ላይ ያላችሁ፣ በጠባብ ክፍል ሁለትና ሦስት ሆናችሁ የምታድሩ ናችሁ። አንዳችሁ «ራሴን አመመኝ» ሲል ሌላው «ብርድ ነው» ብሎ አይለፈው። በሩን ይክፈት። ሁለት ሰው በአንድ ክፍል በአንድ ጊዜ ራሱን ካመመው ደግሞ ሌላ ምክንያት አትፈልጉ፤ ከሰሉ ነው።

ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፣ ለሃምሳ ሰው ጌጡ ይባላል። ብርዱን ማስቀረት አንችልም፤ የታሪፉንም ዋጋ እዚህ ተሰብስበን አንቀንሰውም። ዛሬ ማታ ግን እያንዳንዳችን ማንደጃውን ከመኝታ ቤት ማውጣት እንችላለን። አንድ አጎዛ ለጎረቤት ማዋስም እንችላለን። በጥር መጨረሻ እንደገና ስንሰበሰብ ከዚህ አዳራሽ የጎደለ ሰው እንዳይኖር እንመኛለን።

ብርዱን በሰላም ያሳልፈን።

የማኅበሩ የሥራ አመራር ኮሚቴ