ስለ ሕፃናት ንባብ ለወላጆችና ለመምህራን የተደረገ ንግግር



ንባብን ከልጅነቱ ጀምሮ የወደደ ሰው ደስታውን ለብቻው ይዞ መኖር አይሆንለትም። ለዚህም በጎረቤታችን በኬንያ ርእሰ ከተማ በናይሮቢ የተደረገውን ላወሳላችሁ እወዳለሁ።

በዚያች ከተማ መካከል፥ በደጃፉ ሁለት የአንበሳ ሐውልቶች የተቀመጡበት የማክሚላን ቤተ መጻሕፍት ይገኛል። ሌዲ ሉሲ ማክሚላን ለሟች ባለቤታቸው መታሰቢያ ያሠሩት ሲሆን፥ እንደ አውሮፓውያን አቈጣጠር በ1931 ተከፈተ። ይሁን እንጂ እስከ 1958 ድረስ ለነጮች ብቻ የተከለለ ስለ ነበረ፥ የአገሩ ተወላጅ ሕፃን ከአንበሶቹ አልፎ ሊገባ አልተፈቀደለትም።

በ2017 ደራሲዋ ዋንጂሩ ኮይናንጌና በመጻሕፍት ኅትመት ሥራ የቈዩት አንጄላ ዋቹካ ማኅበር አቋቁመው፥ ከከተማው አስተዳደር ጋር በመተባበር ይህን ቤትና ቅርንጫፎቹን ለማደስ ተነሡ። እኔን እጅግ ያስደሰተኝ፥ ከታላቁ ሕንፃ አስቀድመው በካሎሌኒና በመካዳራ ሰፈሮች ያሉትን ትንንሽ ቅርንጫፎች ማደሳቸው ነው። ሕፃን በእግሩ የሚደርሰው ወደ ቅርቡ ነውና።

በአገራችንም አቶ ዮሐንስ ገብረ ጊዮርጊስ፥ በአሜሪካ በቤተ መጻሕፍት ሠራተኝነት ካገለገሉ በኋላ ተመልሰው፥ በአዲስ አበባ በሾላ ሰፈር የሕፃናት ቤተ መጻሕፍት ከፍተዋል፤ በአዋሳም መጻሕፍቱን በአህያ ጋሪ ወደ ልጆቹ አድርሰዋል።

እኛ ግን ያሉንን ጥቂት መጻሕፍት እንዳይቈሽሹ እያልን በቁም ሣጥን ቈልፈናቸዋል። ስለዚህ የሣጥኑ ቍልፍ ከመጪው ቅዳሜ ጀምሮ ለመምህራኑ እንዲሰጥ፥ ወላጆችም በዚያ ቀን ልጆቻቸውን ከከብት ጥበቃ ለግማሽ ቀን እንዲያሰናብቱልን በትሕትና እለምናለሁ።